ግራፉን በሚታተምበት ልክ ሥሪው

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የተግባራዊ ሒሳብ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ቴሲሴን የምጽፈው በላቴክ፣ ሰነድን በትዕዛዝ በሚያሰናዳው ፕሮግራም ነው። ርዕሴ ሕዝቡን በተጋላጭ፣ በተያዘና ባገገመ በሚከፍለው በኤስአይአር ሞዴል ላይ የተመሠረተ የተላላፊ በሽታ ስርጭት ስለሆነ ግራፍ ይበዛበታል። ሁሉንም በፓይተን፣ ማትፕሎትሊብ በሚባለው የግራፍ መሥሪያው ነው የሠራኋቸው። አማካሪዬ ረቂቁን አይተው «ጽሑፉን አንድ ሰው ጽፎት፣ ግራፉን ሌላ ሰው የለጠፈበት ይመስላል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። አንዱ ግራፍ ላይ ፊደሉ ግዙፍ ነው፣ ሌላው ላይ ያለ አጉሊ መነጽር አይነበብም። መመሪያው ታይምስ ኒው ሮማን 12 ስለሚል ሰነዱ ላይ የታይምስ ጥቅሉን ጠራሁ፣ ግራፎቹንም ወደ ታይምስ ቀየርኳቸው። የስርጭትና የማገገም መጠን ምልክቶቹ፣ ቤታና ጋማ፣ ግን እምቢ አሉ፣ አሁንም ሌላ መልክ አላቸው። በዚያ ላይ ለጤና ባለሙያዎች የማዘጋጀው የአማርኛ ማጠቃለያ አለ። እዚያ ግራፍ ላይ አማርኛ ስጽፍ የሚወጣው ባዶ ሳጥን ነው። ዲፌንሴ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ሁሉንም እንደ አዲስ ልሥራ ወይስ እንዲሁ ልለፈው?
የጨነቃት፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ሰላም እህቴ፣

እንዲሁ አትለፊው። እንደ አዲስ የሚሠራ ነገር ግን የለም። ስሌቱ አልቋል፣ ዳታው እጅሽ ላይ ነው። የሚቀየረው ግራፉ የሚወጣበትና ወደ ሰነዱ የሚገባበት መንገድ ነው። ለዚህ ደግሞ ሦስት ሳምንት ይበቃል።

አማካሪሽ የነገሩሽ ነገር የማሳመር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስልሽ። በሒሳብ ጽሑፍ ውስጥ የፊደሉ ቅርጽ ራሱ ይናገራል። ያዘነበለው አይ በአንቺ ሞዴል በበሽታው የተያዙት ሰዎች ብዛት ነው። ያው ፊደል ደምቆና ቀጥ ብሎ ቢመጣ ብዙ አንባቢ አይደንቲቲ ማትሪክስ ነው ብሎ ያነበዋል። አንባቢሽ መጀመሪያ እኩልታውን ያያል። ከዚያ ዓይኑን ወደ ግራፉ ይወስድና ያንኑ ምልክት ይፈልጋል። ምልክቱ መልኩን ቀይሮ ሲያገኘው «ይሄ ያኛው ነው ወይስ ሌላ?» ብሎ ይቆማል። ፈታኞችሽ በዚህ እንዲቆሙብሽ አትፈልጊም።

እስቲ አንዱን ግራፍ ጠጋ ብለሽ እዪው። ማትፕሎትሊብ ምንም ካልነገርሽው የሚጽፈው በዴጃቩ ሳንስ ነው። በዚህ ፎንት ትልቁ አይ ራስም እግርም የለውም፣ አንድ ጭረት ብቻ ነው። ትንሹ ኤልም እንደዚያው ጭረት ነው። ሌጀንዱ (የመስመሮቹ መፍቻ) ላይ አይ ከነቅንፉ ሲጻፍ ጋደል ያለ ዱላ ይመስላል፤ የፍጹም ዋጋ ምልክት ነው ብሎ የሚያነበው ሰው አይጠፋም። በእኩልታሽ ውስጥ ያለው አይ ግን ከላይም ከታችም ትንሽ አግድም ጭረት አለው። ከርማክና ማኬንድሪክ እ.ኤ.አ. በ1927 ያቀረቡት ይህ ሞዴል ዛሬ በሦስት ፊደላት ነው የሚታወቀው፤ ኤስ፣ አይ፣ አር። ከሦስቱ አንዱ ግራፉ ላይ ተራ መስመር ከመሰለ የሞዴሉ ሲሶ አልታየም ማለት ነው።

እንዲህ ዓይነት ቅሬታ ዛሬ የመጣም አይደለም። የኮምፒዩተር ሳይንቲስቱ ዶናልድ ክኑት እ.ኤ.አ. በ1977 ቴክ የሚባለውን የጽሑፍ ማሰናጃ መሥራት የጀመሩት የራሳቸው መጽሐፍ ሁለተኛ እትም የሙከራ ገጾች ሲደርሷቸው የፊደሎቹ ጥራት ስላስከፋቸው ነው። ኮምፒዩተር ሞደርን የሚባለውን የፊደል ቤተሰብም ራሳቸው ነደፉት። ላቴክን ሌስሊ ላምፖርት በ1980ዎቹ የገነቡት በቴክ ላይ ነው። የምትጠቀሚበት መሣሪያ ከመነሻው የተሠራው ፊደል ለሚያሳስበው ሰው ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ፎንት ከመቀየርሽ በፊት መጠኑን አስተካክዪ። ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት ከፎንቱ ስም ነው። የሚበዛው ጉዳት ግን ያለው መጠኑ ላይ ነው። ግራፉን በሚታተምበት ልክ ሥሪው። ከዚያ በኋላ አትለጥጪው፣ አታጥብቢውም።

ምን እየሆነ እንዳለ በቁጥር እንየው። ማትፕሎትሊብ ልክ ካልሰጠሽው ወርዱ 6.4 ኢንች፣ ቁመቱ 4.8 ኢንች የሆነ ሥዕል ያወጣል። የዘንጎቹ ጽሑፍ 10 ፖይንት (የፊደል መለኪያ) ነው። በላቴክ በኩል ደግሞ አርቲክል የሚባለውን ክላስ (የሰነድ ዓይነት) በ12 ፖይንት፣ ኅዳጉን ሳትነኪ ከተጠቀምሽ የጽሑፉ ወርድ 390 ፖይንት ነው። በቴክ ስሌት አንድ ኢንች 72.27 ፖይንት ስለሆነ ይህ 5.4 ኢንች ገደማ ይመጣል። ግራፉን «በጽሑፉ ወርድ ልክ አስገባው» ስትይ ላቴክ 6.4ቱን ወደ 5.4 ያጠበዋል። ፊደሎቹም አብረው ይጠባሉ፤ 10 የነበረው 8.4 ይሆናል። ሁለት ግራፎች ጎን ለጎን ለማስገባት ግማሽ ወርድ ስትሰጪው ወደ 4.2 ይወርዳል። አጉሊ መነጽር ያስፈለገሽ እዚህ ላይ ነው። ሌላውን ግራፍ ደግሞ በ4 ኢንች ወርድ ሠርተሽው ከነበረ ላቴክ ለጥጦ ወደ 5.4 ያመጣዋል፣ ፊደሉም 13.5 ይሆናል። ግዙፍ ያልሽው ይሄኛው ሳይሆን አይቀርም።

ኮድሽ ውስጥ ሦስቱም 10 ናቸው። ወረቀቱ ላይ 8.4፣ 4.2 እና 13.5 ሆነው ይወጣሉ። ኮዱን ደጋግመሽ ብታዪው ጥፋቱን አታገኚውም፤ ጥፋቱ የሚፈጠረው ግራፉ ሰነዱ ውስጥ ሲገባ ነዋ።

መፍትሔው ቀላል ነው። ሰነድሽ መሐል ላይ «ዘ» የሚለውን የላቴክ ትዕዛዝ ከ«ቴክስትዊድዝ» ጋር አያይዘሽ ጻፊና አስኪጂው። የጽሑፍሽን ወርድ በፖይንት ያትምልሻል። ቁጥሩን ለ72.27 አካፍዪው። የምታገኚው ኢንች ማትፕሎትሊብ ላይ «ፊግሳይዝ» በሚለው ቦታ የምትሰጪው ወርድ ነው። እኔ የጻፍኩትን 5.4 እንዳለ አትውሰጂ፤ የትምህርት ክፍላችሁ መመሪያ ኅዳጉን ቀይሮት ሊሆን ይችላል። ጎን ለጎን ለሚቀመጡት የወርዱን 0.48 ስጪ፣ መሐላቸው ትንሽ ክፍተት ይኑር። ከዚያ ሥዕል ማስገቢያውን ትዕዛዝ «ኢንክሉድግራፊክስ»ን ስትጠቀሚ ወርድ የሚባል ነገር አትጻፊ። ልኩ ትክክል ከሆነ ያለ ምንም ትዕዛዝ ይገጥማል። ካልገጠመ ደግሞ ገጹ ላይ አፍጥጦ ስለሚወጣ ወዲያው ታዪዋለሽ።

አንድ የተደበቀ ወጥመድ አለ። ብዙ ሰው ግራፉን ሲያስቀምጥ ዙሪያውን ባዶ ቦታ እንዲቆርጥለት «ታይት» የሚለውን የቢቦክስ ምርጫ ይጠቀማል። ያ ምርጫ አንቺ የሰጠሽውን የሥዕሉን ልክ ይቀይረዋል። 5.4 ብለሽ ያዘዝሽው 5.1 ወይም 5.6 ሆኖ ሊወጣ ይችላል። በሱ ፋንታ «ኮንስትሬይንድ ሌይአውት» የሚለውን ተጠቀሚ። ልኩን ሳይነካ ጽሑፎቹን ውስጥ ያስተካክላቸዋል።

የፊደሉን መጠን በተመለከተ፣ ዋናው ጽሑፍ 12 ከሆነ ለዘንግ ስሞችና ለሌጀንዱ 10፣ ለዘንግ ቁጥሮች 9 እመርጣለሁ። ከ8 በታች አትውረጂ። ግራፉ አናት ላይ ርዕስ አትጻፊ፤ ከሥሩ የምትጽፊው መግለጫ ያንን ሥራ ይሠራል። ማትፕሎትሊብ ርዕሱን ከሌላው በ1.2 እጥፍ ስለሚያተልቀው ገጹ ላይ አንድ ተጨማሪ መጠን ያመጣብሻል። የማያስፈልግ ነገር ነው።

አሁን ወደ ቤታና ጋማ። ማትፕሎትሊብ ለተራ ጽሑፍ አንድ የፎንት ቅንብር አለው፣ በዶላር ምልክቶች መሐል ለሚጻፍ ሒሳብ ሌላ። «ፎንት ፋሚሊ» የሚለውን ታይምስ ስትይው የተቀየረው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ሁለተኛው «ማዝቴክስት ፎንትሴት» ይባላል። ካልነካሽው ዴጃቩ ሳንስ እንደሆነ ይቀራል። ቅንብሩን «ስቲክስ» አድርጊው፤ ስቲክስ ከታይምስ ጋር እንዲሄድ ተብሎ የተነደፈ ነው። ሰነዳቸውን በኮምፒዩተር ሞደርን የሚጽፉ ሰዎች ደግሞ «ሲኤም» ይበሉት።

ግን ቆይ፣ ሰነድሽ ራሱስ ከራሱ ጋር ይስማማል? የታይምስ ጥቅሉን ጠራሁ ብለሻል። ያ ጥቅል የሚቀይረው ጽሑፉን ነው፣ እኩልታዎቹን አይነካም። ስለዚህ ዓረፍተ ነገርሽ በታይምስ፣ እኩልታሽ በኮምፒዩተር ሞደርን ሆኖ ቁጭ ብሏል። አንድ ገጽ ከፍተሽ በተራ ጽሑፍ ውስጥ ያለውን 2 እና በእኩልታ ውስጥ ያለውን 2 አስተያዪ፤ ወፈር ቀጠን ብለው ታገኛቸዋለሽ። ግራፉን ከየትኛው ጋር ልታስማሚው ነው? ስለዚህ መጀመሪያ ያንን ጥቅል አውጪና «ኒውቲኤክስቴክስት»ን እና «ኒውቲኤክስማዝ»ን ተኪበት። ሁለቱ አንድ ላይ ጽሑፉንም ሒሳቡንም በታይምስ መልክ ያወጡታል።

እስካሁን ያልኩሽ ግራፉን ሰነዱን እንዲመስል ያደርገዋል። መምሰል ሳይሆን አንድ እንዲሆን ከፈለግሽ ግራፉ ላይ ያለውን ጽሑፍ ራሱ ላቴክ ይጻፈው። እኔ ልቤ የሚያዳላው ወደዚህ ነው፤ በተለይ እንደ አንቺ አማርኛም ላለበት ሰው።

ማትፕሎትሊብ «ፒጂኤፍ» የሚባል የማስቀመጫ መንገድ አለው። ግራፉን በፒዲኤፍ ፋንታ በፒጂኤፍ ስታስቀምጪ መስመሮቹና ጽሑፎቹ በላቴክ ትዕዛዝ ተጽፈው ይወጣሉ። አንቺ ፋይሉን በ«ኢንፑት» ትዕዛዝ ሰነዱ ውስጥ ትጠሪዋለሽ። ያን ጊዜ የዘንግ ስሙንም ቤታንም የሚጽፈው ያው ሰነድሽን የሚጽፈው ላቴክ ነው። ነገ አማካሪሽ ፎንት ቀይሪ ቢሉሽ ሰነዱን ስትቀይሪ ግራፉ ይከተልሻል። ሁለት ነገር አስተካክዪ። «ፒጂኤፍ አርሲፎንትስ» የሚለውን አጥፊው፣ አለዚያ ማትፕሎትሊብ የራሱን ፎንት ይጭንበታል። «ፒጂኤፍ ቴክሲስተም» የሚለውን ደግሞ ሰነድሽን ከምታስኬጂበት ጋር አንድ አድርጊው። ካልነካሽው ዚላቴክ ነው፤ አንቺ ሰነዱን በሌላው ማስኬጃ፣ በፒዲኤፍላቴክ የምትጽፊ ከሆነ ቀይሪው። ማትፕሎትሊብ ለእያንዳንዱ ቃል ስንት ቦታ እንደሚተው የሚለካው በዚያ ነውና።

ሌላው መንገድ ፒጂኤፍፕሎትስ ነው። ክርስቲያን ፎየርዜንገር የሠሩት ጥቅል ሲሆን ግራፉን ከዳታው አንስቶ ላቴክ ውስጥ ይሥላል። ውጤትሽን በሲኤስቪ (በተራ የሠንጠረዥ ፋይል) ታስቀምጫለሽ፣ የቀረውን እሱ ይሠራዋል። እኔን የሚያስደስተኝ ነገሩ ወርዱን ስትቀንሺ የሚጠበው የዘንጎቹ ሳጥን ብቻ መሆኑ ነው። ፊደሉ እንዳለ ይቀራል። ያ ሁሉ የ8.4ና የ4.2 ጣጣ እዚህ የለም። ሆኖም የዘንግ ቁጥሮችን የሚጽፈው በሒሳብ ፎንት ስለሆነ ከላይ ያልኩሽን የታይምስ ነገር ካላስተካከልሽ ቁጥሮቹ ሌላ መልክ ይዘው ይመጣሉ። ደግሞም ነጥብ ሲበዛበት ይንቀራፈፋል፣ አንዳንዴም ማኅደረ ትውስታ አለቀብኝ ብሎ ይቆማል። አሥር ሺህ ነጥብ ካለሽ በየሃምሳው አንድ ብትወስጂ ሁለት መቶ ይቀርሻል፤ ለለስላሳ ኩርባ ይበቃል። ቢሆንም በሦስት ሳምንት ውስጥ ሁሉን ግራፍ ወደዚህ አታዛውሪ። ፓይተኑን ይዘሽ ፒጂኤፉን ተጠቀሚ።

(አር በሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም የምትሠሩ አንባቢዎች ቲክዝዲቫይስ የሚባለው ጥቅል ተመሳሳይ አገልግሎት ይሰጣችኋል። ጂኦጀብራ ለምትጠቀሙ መምህራንም ሥዕሉን በላቴክ የሥዕል መሣያ፣ በቲክዝ ኮድ ማውጣት ይቻላል። ስክሪንሹት ግን እባካችሁ ይቅር።)

የአማርኛው ማጠቃለያ ሲሆን ነገሩ ትንሽ ይለያል። ባዶ ሳጥን የሚወጣው ዴጃቩ ሳንስ የግዕዝ ፊደላት ስለሌሉት ነው። ታይምስ ኒው ሮማንም አያድንሽም። አቢሲኒካ ኤስአይኤልን ወይም ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክን ጫኚ፤ ሁለቱም በነጻ ይገኛሉ። አንዱን ምረጪና ጽሑፉም ግራፉም በሱ ይሁን። በዚላቴክ ወይም ሉዋላቴክ በሚባለው ሌላ ማስኬጃ «ፎንትስፔክ» ጥቅል አማካይነት ፎንቱን በስሙ ትጠሪዋለሽ። ያንኑ መስመር ሳትቀይሪ «ፒጂኤፍ ፕሪአምብል» ውስጥ ገልብጪው። ሳጥኑ ይጠፋል። ፒጂኤፍን አልፈልግም ካልሽ ከማትፕሎትሊብ 3.6 ጀምሮ በፎንት ፋሚሊው ቦታ ሁለት ፎንት በዝርዝር መስጠት ይቻላል። በመጀመሪያው ያጣውን ፊደል ከሁለተኛው ይወስዳል። ይህ የሚሠራው ለተራ ጽሑፍ ነው፤ በዶላር መሐል አይሠራም።

ዶላሩ ላቴክ ላይም ያስቸግርሻል። የከተማውንና የገጠሩን የስርጭት መጠን ለመለየት ቤታ ጽፈሽ ከግርጌው «ከተማ» ማለት ትፈልጊ ይሆናል። ቃሉን እንዲሁ ከጻፍሽው ጠፍቶ ቤታ ብቻውን ይቀራል። የሒሳቡ ፎንት ግዕዝ አያውቅማ። በ«ቴክስት» ትዕዛዝ ውስጥ አስገቢው፣ ያን ጊዜ ከዋናው ጽሑፍ ፎንት ይወስደዋል። ቃሉ ቀጥ ብሎ ይቁም፣ ቤታው ይዘንብል። የግዕዝ ፊደል ኢታሊክ የለውም፤ በግድ ሲያጋድሉት ያስቀይማል።

በቁጥር እኩል የሆኑ ፎንቶች በዓይን እኩል ላይሆኑ ይችላሉ። 12 የተባለው የግዕዝ ፎንት ከጎኑ ካለው 12 የላቲን ፊደል ገዝፎ ወይም አንሶ ሊታይ ይችላል። ፎንትስፔክ ላይ «ስኬል» በሚለው በ0.9 ወይም በ1.1 አካባቢ እየሞከርሽ «ቤታ» ምልክቱና «በ» ፊደል ጎን ለጎን ሲቆሙ እስኪስማሙ ድረስ አስተካክዪ። አንዴ ከወሰንሽ በኋላ በሁለቱም ቦታ ያው ቁጥር ይሁን።

የዘንግ ስሞችሽ ደግሞ በአማርኛ ሊረዝሙ ይችላሉ። «በበሽታው የተያዙ ሰዎች ብዛት» የሚለው በአጭር ግራፍ ቋሚ ዘንግ ላይ አይበቃም። ፊደሉን አሳንሼ ላብቃቃው አትበይ። በሁለት መስመር ክፈዪው፣ ወይም «የተያዙ ሰዎች» ብለሽ አሳጥሪው፤ ማብራሪያው ከሥር ይግባ።

ሁሉን ከጨረስሽ በኋላ ማረጋገጫ አለሽ። «ፒዲኤፍፎንትስ» የሚባል ትንሽ ፕሮግራም አለ፣ ፖፕለር ከሚባለው ስብስብ ጋር ይመጣል። የቴሲስሽን ፒዲኤፍ ስትሰጪው በውስጡ ያሉትን ፎንቶች በሙሉ ይዘረዝርልሻል። ዝርዝሩ ውስጥ ዴጃቩ የሚል ስም ካየሽ ያልተስተካከለ ግራፍ አለ ማለት ነው። ገጽ በገጽ ጠይቂው፣ የት እንዳለ ይነግርሻል። ይህ ግን በፒኤንጂ ያስገባሻቸውን አይዝልሽም። እነሱ ውስጥ ፎንት የለም፣ ፊደሉ ሥዕል ሆኗል። ኩርባ ያለበትን ግራፍ ሁሉ ከፒኤንጂ አውጪው። ከዚያ ግራፍ ያለባቸውን ጥቂት ገጾች በመቶ ፐርሰንት መጠን አሳትሚ፤ ማተሚያው ላይ «ከገጹ ጋር አስማማ» የሚለው ይጥፋ። ስክሪን ላይ እያጎላሽ ስለምታዪው ይሸውድሻል። ወረቀት ላይ 9 ፖይንት 9 ፖይንት ነው።

ቅንብሮቹን በየስክሪፕቱ አትበትኚያቸው። ማትፕሎትሊብ የስታይል ፋይል ይቀበላል። ወርዱን፣ የፎንት መጠኖቹን፣ ፎንትሴቱን እዚያ ጽፈሽ ሁሉም ስክሪፕት ከሱ ይጥራ። ፈታኞች ከዲፌንስ በኋላ ማስተካከያ ማዘዛቸው አይቀርም፤ ያን ጊዜ አንድ ፋይል ነክተሽ ሁሉንም ታወጫለሽ።

ጊዜው ቢያጥርሽ በዚህ ቅደም ተከተል ሂጂ። መጀመሪያ ጎን ለጎን ያስገባሻቸውን ግራፎች በትክክለኛው ልክ አውጪ፤ 4.2 ፖይንት የትኛውም ፈታኝ ዓይን አያነበውም። ቀጥለሽ የሰነዱን የሒሳብ ፎንትና የማዝቴክስቱን ፎንትሴት አስተካክዪ፤ ይህ የጥቂት መስመር ሥራ ነው። እነዚህ ሁለቱ ብቻ እንኳ ከተሠሩ ረቂቁን ለአማካሪሽ መልሰሽ መስጠት ትችያለሽ። ፒጂኤፉን በአማርኛው ማጠቃለያ ጀምሪው፤ እዚያ ግራፎቹ ጥቂት ናቸው፣ አማርኛውም የግድ ይፈልገዋል። እጅሽ ከለመደ በኋላ ቀን ከተረፈሽ የቴሲሱን ግራፎች አንድ በአንድ አምጫቸው። ካልተረፈሽ በስቲክስ ይቅሩ።